በዓመታት የተከፈለ ፊልም

ከጎንደር ተነሥቶ የደንቢያን ሜዳ እያቋረጠ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ጣና ዳር ሲደርስ መንገዱ ያልቅበታል። ጎርጎራ ገብቷል ማለት ነው። ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ ደብረ ሲና ማርያም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎቿ አጊጣ ቆማለች። በሐይቁ ዳር ገባ ብሎ አፄ ሱስንዮስ የከተሙበት የፍርስራሽ ቦታ አለ፤ ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈው እዚሁ ጎርጎራ ነው። ኮረብታው አናት ላይ ደግሞ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ያቆመው ሐውልት ቁልቁል ሐይቁን ያያል።

ዳይሬክተር እዚህ ቢመጣ ልቡ ይሸፍታል። ሐይቁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ፍርስራሹና የወራሪው ሐውልት ተቀራርበው ይገኛሉ፤ ስቱዲዮ ውስጥ ይገንባ ቢባል ሚሊዮን ብር የማይበቃው ነገር በነጻ ተዘርግቷል። አብሮት የመጣው ፕሮዲውሰር ግን ሌላ ሌላውን ያሰላል። ለ40 ሰው የሚሆን አልጋ ይገኛል ወይ? መብራት ቢጠፋ ጀነሬተሩ ከየት ይምጣ? ነዳጁስ? ገበሬው አዝመራውን ትቶ ካሜራ ፊት ሲቆም የቀን ሒሳቡ ስንት ነው? ፈቃዱን የሚፈርመው ወረዳው ነው፣ ቤተ ክህነቱ ወይስ ክልሉ? ዝናብ ቢጥልና ሦስት ቀን ቢባክን ማን ይከፍላል?

ፕሮዲውሰር ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ፊልም እንደ ሠርግ ቢታይ ሙሽራው ዳይሬክተሩ ነው፤ ተበድሮ የደገሰው፣ ድንኳን ያስተከለው፣ እንግዳ የጠራው፣ ማግሥቱንም ዕቃ የሚመልሰውና ዕዳ የሚቆጥረው ግን ፕሮዲውሰሩ ነው። ገንዘብ ያፈላልጋል፤ ውል ይዋዋላል፤ ባለሙያ ይቀጥራል፤ ቀረጻው ሲያልቅም ፊልሙን ተመልካች ዘንድ ያደርሳል። በሆሊውድ እነዚህን ሥራዎች የሚከፋፈሏቸው ብዙ ሰዎችና ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። ይህ ምዕራፍ የሚተርከው ግን ሁሉንም ጠቅልለው የያዙ የአንድ ጎንደሬ የሥራ ዘመን ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በፊልሞቻቸው መጨረሻ ስማቸው እንደ ደራሲ፣ እንደ ዳይሬክተር፣ እንደ ኤዲተርና እንደ ፕሮዲውሰር እየተደጋገመ ይመጣል። ከአራቱ ብዙ ዘመን የበላባቸው የመጨረሻው ነው። (በምዕራፉ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጎንደር እስከ ሎስ አንጀለስ

ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው አባ ገሪማ ታፈረ መምህር፣ ጸሐፌ ተውኔትና የታሪክ ጸሐፊ ነበሩ፤ በጣሊያን ላይ ስለተደረገው ተጋድሎ የሚተርከውን «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ያደገው ማታ ማታ እሳት ዳር የአያቱን ተረት እየሰማ፣ ቀን ደግሞ የአባቱን ቴአትር እያየና እየተሳተፈ ነው። የከተማው ሲኒማ ቤት ግን ሌላ ዓለም ያሳይ ነበር። የጎንደር ልጆች የታርዛንን ፊልም ሲያዩ ከአፍሪካውያኑ ይልቅ ለታርዛን ያጨበጭቡ እንደነበር ኃይሌ በየንግግራቸው ያነሣሉ።

በ1967 ወደ አሜሪካ ተሻግረው ቺካጎ በሚገኘው የጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገቡ። ተዋናይ ለመሆን የሄዱት ወጣት የሚሰጣቸው የአሽከርና የሎሌ ሚና ብቻ ሆነባቸው። በ1970 ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግረው በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም መማር ጀመሩ። ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽ፣ ቢሊ ውድቤሪና ላሪ ክላርክ በዚያው ዘመን በዚያው ግቢ ያለፉ ናቸው። እነዚህ ጥቁር ተማሪዎች በኋላ «የሎስ አንጀለስ አመፅ» በሚል ስም ታወቁ፤ የሆሊውድ ጎረቤት ሆነው የሆሊውድን ፊልም አንሠራም ያሉ ናቸውና።

እምቢ ማለቱ ቀላል ነበር፤ በምን ገንዘብ ይሠራል የሚለው ነው ጥያቄው። የተማሪዎቹ መልስ በጣም ተግባራዊ ነበር። ካሜራው የዩኒቨርሲቲው ነው፤ ባለሙያው የክፍል ጓደኛ ነው፤ ዛሬ አንዱ ዳይሬክተር ሲሆን ሌላው ካሜራ ይይዝለታል፤ በሚቀጥለው ሰሞን ተራ ይለዋወጣሉ። ኃይሌ «ቡሽ ማማ» የተባለውን በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ረጅም ፊልም ሲሠሩ ከካሜራ ባለሙያዎቹ አንዱ በርኔት ነበር። የፊልሙ መክፈቻ ላይ ፖሊሶች ጥቁር ወጣቶችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ፖሊሶቹ ተዋናዮች አይደሉም፤ የሚፈተሹትም የፊልሙ ሠራተኞች ራሳቸው ናቸው። ጎዳና ላይ ካሜራ ይዘው በመገኘታቸው ተጠርጥረው ሲያዙ ካሜራው እየዞረ ነበርና ያልተከፈለበት ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ ገባ። የድሀ ፕሮዲውሰር የመጀመሪያ ብልሃት ይህ ነው፤ መከራውንም ቢሆን ከቀረጸው አይጥለውም።

በ1974 ክረምት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱበት ዓመት ነው። ባለ 16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በአብዛኛው ትወና ተምረው የማያውቁ ሰዎች፣ ለቀረጻ ሁለት ሳምንት ገደማ፤ ከዚህ የወጣው ባለርስትንና ጭሰኛን የሚያሳይ የሁለት ሰዓት ተኩል ሥራ ነው።

ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ የ16 ሚሊ ሜትር ጥቅል 120 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ካሜራ ውስጥ ሲዞር 11 ደቂቃ ይቆያል። ማንም ዳይሬክተር የቀረጸው ሁሉ አይጠቅመውም። ለምሳሌ ለአንድ ደቂቃ ፊልም አምስት ደቂቃ ቢቀርጽ፣ ለ150 ደቂቃ ወደ 70 ጥቅል ያስፈልገዋል። እያንዳንዱ ጥቅል ይገዛል፤ ላብራቶሪ ገብቶ ይታጠባል፤ ለኤዲቲንግ ኮፒ ይወጣለታል። ሦስቴ ይከፈልበታል ማለት ነው። ዛሬ ስልክ ይዞ የሚቀርጽ ወጣት «ይደገም» ሲል አይከብደውም፤ ያኔ እያንዳንዱ ድጋሚ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነበር። ፊልሙ በ1976 በስዊዘርላንዱ የሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸለመ።

ዘጠኝ ዓመት ለሳንኮፋ

ከ1975 ጀምሮ ኃይሌ ዋሽንግተን በሚገኘው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አስተማሩ፤ ከ40 ዓመት በላይም በዚያው ቆዩ። እንደ ኧርነስት ዲከርሰንና ብራድፎርድ ያንግ ያሉ ስመ ጥር የካሜራ ባለሙያዎች በዚያ ቤት አልፈዋል። የመምህርነት ደመወዝ ፊልም አያሠራም፤ ፊልም እስኪሠራ ግን ቤት ያቆያል። የፕሮዲውሰርነት ሕይወታቸውን ለሚያጠና ሰው የመጀመሪያው ገንዘብ አቅራቢያቸው ይህ የወር ደመወዝ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አልስማማም ብለው ከድርድር የተነሡ ቀን ቤተሰቡ ጦም አያድርምና።

ከባለቤታቸው፣ እሷም ፊልም ሠሪ ከሆነችው ከሺሪኪያና አይና ጋር ሆነው የፊልም ማከፋፈያ ድርጅት አቋቋሙ፤ ለፕሮዳክሽኑም ነጎድጓድ የተባለ ድርጅት አላቸው። ከዚያ «ሳንኮፋ» መጣ። ጋና ውስጥ ባለ የባሪያ ንግድ ምሽግ ፎቶ ስትነሣ የነበረች ዘመናዊ ሞዴል ወደ ኋላ ተመልሳ በእርሻ ላይ ባሪያ ሆና ስትገኝ የሚያሳይ ታሪክ ነው። ስክሪፕቱን ይዘው ገንዘብ ፍለጋ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተንከራተቱ። በመጨረሻ ፊልሙ የአሜሪካ፣ የጋና፣ የቡርኪና ፋሶ፣ የጀርመንና የእንግሊዝ የጋራ ሥራ ሆነ፤ ጋናና ጃማይካም ተቀረጸ።

የጋራ ፕሮዳክሽን ከሩቅ ሲያዩት አምስት ሀብታም ተሰብስቦ ገንዘብ ያዋጣ ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ሌላ ነው። የአውሮፓ ቴሌቪዥን ጣቢያ ፊልሙ ሳይሠራ የማሳያ መብቱን አስቀድሞ ሊገዛ ይችላል፤ የአፍሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ ገንዘብ ባይኖረውም ፈቃድ፣ መኪናና ባለሙያ ያቀርባል። ፕሮዲውሰሩ የአንዱን የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ሁለተኛውን ያግባባል፤ የሁለቱን ይዞ ወደ ሦስተኛው ይሄዳል። አንዱ ቃሉን ካጠፈ ሁሉም ይፈርሳል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ደብዳቤ መነሣት ነው። ዘጠኝ ዓመት የሚፈጀው እንዲህ ነው።

ፊልሙ በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። ታላቁ ፈተና ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። የአሜሪካ አከፋፋዮች አንፈልገውም አሉ። አከፋፋይ ማለት ፊልሙን ከሲኒማ ቤቶች ጋር አገናኝቶ፣ ማስታወቂያ አሠርቶ፣ ከትኬት ገቢው ድርሻውን የሚወስድ ነው። እሱ በሩን ከዘጋ በጀርመን የተጨበጨበለት ፊልም እንኳን መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ባልና ሚስቱ በሌላ በር ገቡ። ዋሽንግተን ውስጥ አዳራሽ ራሳቸው ተከራዩ። ይህ አሠራር ከተለመደው ይለያል። በተለመደው መንገድ ሲኒማ ቤቱና አከፋፋዩ ትኬቱን ይካፈላሉ፤ ፕሮዲውሰሩ የሚደርሰው ወጪው ሁሉ ተቀናንሶ የተረፈው ነው። አዳራሹን በቁርጥ ኪራይ የያዘ ግን ሰው ቢመጣም ባይመጣም ኪራዩን ይከፍላል፤ ከመጣለት ደግሞ የትኬቱ ሁሉ ገንዘብ የእሱ ነው። ኪሳራውም ትርፉም ያለ አማላጅ ይመጣል።

ሕዝቡ መጣ። ቤተ ክርስቲያናት፣ የመጻሕፍት መደብሮች፣ የተማሪ ማኅበራትና የሰፈር ሬዲዮኖች ወሬውን አዳረሱት። በየከተማው ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን ኮሚቴ አቋቁመው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ «ወደ እኛም ይምጣ» እያሉ አዳራሽ ይዘው ይጠሩ ጀመር። ፊልሙ በዚህ ሁኔታ በአሥሮች የሚቆጠሩ ከተሞችን አዳረሰ፤ ከትኬት የተገኘውም ገቢ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። አንድ ኮፒ ከከተማ ወደ ከተማ ሲሄድ ምን እንደሚጓጓዝ ልብ በሉ። «ሳንኮፋ» ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ኮፒ የፊልሙ ጥብጣብ ተዘርግቶ ቢለካ 3.4 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በስድስት ጥቅል ተከፋፍሎ፣ በቆርቆሮ መያዣ ታሽጎ፣ ከሃያ ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕቃ ነው። አንዱ ከተማ ዘግይቶ ከመለሰው ቀጣዩ ከተማ ትኬት ሸጦ ባዶ መጋረጃ ይጠብቀዋል። በአምስት አገር የተሠራ ፊልም በመጨረሻ ጭነት ነው፤ ፕሮዲውሰሩም ጭነት አስያዥ።

ከዚያ ገቢ በኋላ በጆርጂያ ጎዳና፣ ልክ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ «ሳንኮፋ» የተባለ የመጽሐፍና የፊልም መደብር ከነካፌው ተከፈተ። ሳንድዊቾቹ በጥቁር ፊልም ሠሪዎች ስም ይጠራሉ። ቦታው የኤዲቲንግ ክፍልም፣ የመሰብሰቢያ አዳራሽም፣ የመሸጫ ሱቅም ሆኖ አገልግሏል። በሌላ አነጋገር ፕሮዲውሰሩ ተመልካቹን በየአምስትና በየአሥር ዓመቱ እንደ አዲስ ከመፈለግ ይልቅ በየቀኑ ቡና እየጠጣ የሚገኝበት ቤት ሠራለት።

የጣናው ፊልም

«ጤዛ» የተሰኘው የኃይሌ ፊልም ከሐሳብ እስከ መጋረጃ 14 ዓመት ያህል ወስዷል። ዋናው ባለታሪክ አንበርብር በጀርመን የተማረ ሐኪም ነው። በ1990 አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለች የትውልድ መንደሩ፣ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። ትዝታው ወደ ሰባዎቹ የኮሎኝ የተማሪዎች እንቅስቃሴ፣ ወደ ደርግ ዘመን አዲስ አበባ፣ እንደገናም ወደ ጀርመን ይወስደዋል። መንደሩ ውስጥ ወጣቶች ከጦርነት አፈሳ ለማምለጥ ዋሻ ይደበቃሉ። ኮረብታው ላይ የሙሶሊኒ ዘመን ሐውልት ቆሟል፤ የአንበርብር አባት ያን ወራሪ ሲዋጋ የሞተ አርበኛ ነው። ጎርጎራን የሚያውቅ ተመልካች ያን ሐውልት ሲያይ የገዛ ኮረብታው ፊቱ ላይ ድቅን ይላል።

ፕሮዲውሰር ሆነን ስናየው ታሪኩ በጀት የሚያናጋ ነው። ሦስት ዘመን፣ ሁለት አህጉር፣ የገጠርና የከተማ ሕዝብ፣ አማርኛና ጀርመንኛ። የጀርመኑ አጋር የኮሎኙ ፓንዶራ ፊልም ሲሆን ካርል ባውምጋርትነር አብሮ ፕሮዲውሰር ነበር። የካሜራ ባለሙያው ጣሊያናዊው ማሪዮ ማዚኒ ነው፤ ጣሊያን ያቆመውን ሐውልት የሚከስ ፊልም በጣሊያናዊ ዓይን መቀረጹ ለኃይሌ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ጸባቸው ከፋሺዝም ጋር ነውና። የአውሮፓ የፊልም ድጋፍ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሰጡት ገንዘብ በአገራቸው እንዲወጣ ይፈልጋሉ። ለኢትዮጵያው ቀረጻ የሚሆነው አንድ ኪስ፣ ለጀርመኑ የሚሆነው ሌላ ኪስ፤ ሁለቱ ደግሞ በአንድ ቀን አይሞሉም። የኢትዮጵያው ክፍል ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ለጀርመኑ ክፍል ገንዘብ እስኪገኝ መጠበቅ ግድ ሆነ። እስከዚያ ተዋናዩ መወፈር የለበትም፤ መክሳትም የለበትም፤ ጸጉሩም መልኩም ካቆመበት መቀጠል አለበት። ይህን የሚጨነቅለት ፕሮዲውሰሩ ነው።

በ2008 ፊልሙ ቬኒስ ፌስቲቫል ደረሰ። በቪም ቬንደርስ የሚመራው የዳኞች ቡድን የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን ሰጠው። በዚያው ዓመት በካርቴጅ ፌስቲቫል ወርቃማውን ታኒት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ በሚካሄደው ፌስፓኮ ታላቁን የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ ሽልማት ወሰደ። «ሳንኮፋ» ከታየ 15 ዓመት አልፎ ነበር።

ኔጋቲቩ የማን ነው?

እዚህ ላይ አንባቢ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ይህ ሁሉ ጥበቃ ለምን? ገንዘብ ካለው ስቱዲዮ ጋር ተዋውለው በሁለት ዓመት አንድ ፊልም ቢሠሩ አይሻልም ነበር?

መልሱ ውሉ ውስጥ ነው። ገንዘቡን የሰጠ አካል ብዙውን ጊዜ ፊልሙንም ይይዛል፤ የመጨረሻው ቁርጥ የሱ ነው፤ ኔጋቲቩ፣ ማለትም ኮፒዎች ሁሉ የሚወለዱበት የመጀመሪያው ፊልም፣ በሱ መጋዘን ይቀመጣል፤ ከ30 ዓመት በኋላ ማን ያሳየው የሚለውንም የሚወስነው እሱ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ከገዛ ታሪካችን ማየት ይቻላል። ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር የቀረጸቻቸው ፊልሞች በ1924 በተቋቋመው የሉቼ ተቋም መዝገብ ሮም ውስጥ ይገኛሉ። በምስሉ ያሉት አያቶቻችን፣ መሬቱም የኛ፤ ባለመብቱ ግን ሌላ። ኃይሌ ለረጅም ዓመታት ሲደክሙበት የኖሩት «ጥቁር አንበሶችና የሮማ ተኩላዎች» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ርዕሰ ጉዳዩ ይኸው ጦርነት ነው፤ አባታቸው በብዕር የጀመሩትን ልጃቸው በካሜራ ያዙት።

ፊልምን በራስ እጅ የማቆየት ትርፍ የታየው በ2021 ነው። የዳይሬክተሯ የኤቫ ዱቨርኔይ ድርጅት አሬይ «ሳንኮፋ»ን በአዲስ ጥራት አሳድሶ በመስከረም ወር በኔትፍሊክስ አቀረበው። በዚያው ሰሞን አዲስ የተከፈተው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ሙዚየም የመጀመሪያውን የቫንቴጅ ሽልማት ለኃይሌ ገሪማ ሰጠ። በ1993 በሩን የዘጋው ኢንዱስትሪ ከ28 ዓመት በኋላ ራሱ ከፈተው። ሲመጣ ግን ፊልሙን ያገኘው በሠሪዎቹ እጅ ነው። በመጀመሪያው ድርድር ሸጠውት ቢሆን ኖሮ የሚደራደሩበት ነገር አይኖራቸውም ነበር።

ይህ ማለት ሌላ መንገድ የለም ማለት አይደለም። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በጻፈውና በመራው፣ ምሕረት ማንደፍሮ ፕሮዲውስ ባደረገችው «ድፍረት» አንጀሊና ጆሊ በኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲውሰርነት ስሟን ሰጠች፤ በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ታዋቂ ስም የዓመታትን ጥበቃ ሊያሳጥር ይችላል። ያው ፊልም ግን አዲስ አበባ ሊመረቅ በተዘጋጀበት ምሽት ከታሪኩ ባለቤትነት ጋር በተያያዘ ክርክር በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለጊዜው ታገደ፤ ስም የማይፈታው ወረቀት እንዳለ ያሳያል። በ2015 ደግሞ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ፤ የአውሮፓ አጋሮችን ገንዘብ አቀናጅቶ የመጣ ነው።

የኃይሌ መንገድ ዋጋ ቀላል አይደለም። ከ50 ዓመት በላይ በሆነ የሥራ ዘመን ያሉን አምስት ረጅም ልቦለድ ፊልሞችና ጥቂት ዘጋቢ ፊልሞች ናቸው። ገንዘቡ በጊዜው ቢገኝ አሥር እናይ ነበር፤ ያልተሠሩት የሚያስቆጩ ናቸው። ይህን እንደ ገድል ብቻ ማውራት ለሳቸውም ለሥራውም ፍትሕ አይሆንም። አገር ውስጥ የሚያበድር፣ የሚያከፋፍልና የሚያስቀምጥ ተቋም ቢኖር አንድ ሰው ዘጠኝና አሥራ አራት ዓመቱን በደብዳቤ ልመና አይጨርስም ነበር።

ዛሬ ካሜራው ረክሷል። ባሕር ዳርና ጎንደር ያለ ወጣት በአንድ ላፕቶፕ ኤዲት ያደርጋል፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው የጎርጎራ ሪዞርትም የአልጋውን ጥያቄ በከፊል መልሶለታል። ያልረከሰው የተመልካቹ በር ነው፤ አንዳንዴ ሲኒማ ቤት፣ አንዳንዴ የዩቲዩብ ቻናል ባለቤት፣ አንዳንዴ የውጭ ኩባንያ ሆኖ ይቆማል። እዚያ በር ላይ ውል ሲቀርብለት ወጣቱ ከሚከፈለው ገንዘብ በፊት ሦስት ነገር ማንበብ አለበት። መብቱ ለስንት ዓመት ነው የሚሄደው? ለየትኛው አገር? ዋናው ቅጂ ማን ዘንድ ይቀመጣል? ለዘላለም፣ ለመላው ዓለም፣ በገዢው እጅ የሚል መልስ ካገኘ ፊልም ሸጦ አይደለም የሚወጣው፤ አገልግሎት ሰጥቶ ነው። ይህን አውቆ ቢፈርም አይነቀፍም፤ ሁሉም ሰው 14 ዓመት የሚጠብቅ የወር ደመወዝ የለውም። ሳያውቅ የፈረመ ግን ያላሰበውን ዋጋ ከፍሏል።